የፍራንክ ቦውሊንግ ጉዳይ፦ ሥዕሉ ሲያድግ ስሙ ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

ፍራንክ ቦውሊንግ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዊትኒ ሙዚየም ሥራዎቹን ለብቻው ባሳየበት በ1971 የ37 ዓመት ጎልማሳ ነበር። የለንደኑ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ቴት ብሪቴን የዕድሜ ልክ ሥራውን ከመነሻው ጀምሮ ሰብስቦ ያሳየለት ግን በ2019 ነው፤ ሠዓሊው ያን ጊዜ 85 ዓመት ሞልቶታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመካከሉ 48 ዓመት አለ። ሰውዬው በእነዚያ ዓመታት ብሩሹን አልጣለም፣ ከሰው ዓይንም አልጠፋም። ቤቱ ፒምሊኮ ነው፤ ከቴት ብሪቴን በእግር የሚደረስ ሰፈር።

የእንግሊዝ ጋዜጦች በ2019 የጻፉትን ያነበበ ሰው የሚያገኘው አንድ ዓይነት ታሪክ ነው፦ የተረሳ ሊቅ በስተርጅና ተገኘ። ለጋዜጣ ይመቻል፤ ለጉዳዩ ግን አይበቃም። ያልታወቀ ሰው አይረሳም፣ ቦውሊንግ ደግሞ ታውቆ ነበር፤ ያውም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ከተማ። እኔ ሕይወቱን በቅደም ተከተል ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። አትላንቲክን በተሻገረ ቁጥር ሥዕሉ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ስሙ ግን ከወረፋው መጨረሻ ይሰለፋል። ከአንዱ ዳር ያገኘው ክብር ወደ ሌላው ዳር አይሻገርለትም። በዚህ ሁሉ መሃል ስቱዲዮውን ክፍት አድርጎ ያቆየለት ደግሞ፣ በአብዛኛው፣ የመምህርነት ሥራው ነው።

ከባርቲካ ወደ ለንደን

የተወለደው ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1934 ባርቲካ ውስጥ ነው፤ ማዛሩኒ የተባለው ወንዝ ትልቁን ኤሴኪቦን በሚቀላቀልበት ቦታ ያለች ከተማ ናት። አገሩ ያን ጊዜ ብሪቲሽ ጊያና ነበር፣ የዛሬዋ ጉያና። ካርታ ላይ ጉያና ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ናት፤ ሕዝቧ ግን ራሱን የሚቆጥረው ከካሪቢያን ነው። ቋንቋው፣ የባርነቱና የሸንኮራ እርሻው ታሪክ፣ ክሪኬቱም ጭምር ከደሴቶቹ ጋር አንድ ነው፤ የካሪቢያን ማኅበረሰብ ዋና ጽሕፈት ቤትም የሚገኘው ጆርጅታውን ነው።

ያደገው በበርቢስ ወንዝ አፍ ላይ ባለችው በኒው አምስተርዳም ነው። አባቱ የፖሊስ ደመወዝ ከፋይ ነበሩ። እናቱ አጋታ ልብስ ይሰፋሉ፣ የሴት ባርኔጣ ይሠራሉ። ሠርተው ሠርተው ባለ ሱቅ ሆኑ፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆነ ሰፊ ቤት፣ ግንባሩ ላይ «ቦውሊንግስ ቫራይቲ ስቶር» ተብሎ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበታል። ይህን ቤት ልብ በሉት፤ ኋላ ሸራ ላይ ይመጣል።

በ1953፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ የ19 ዓመቱ ልጅ ለንደን ገባ። የግዛቱ ተገዢ ስለነበር ቪዛ የሚጠይቀው አልነበረም። ያማረው ገጣሚ መሆን ነበር እንጂ ሠዓሊነት በሐሳቡም አልነበረም። የውትድርና ግዳጁን በብሪታንያ አየር ኃይል ሲወጣ ኪት ክሪችሎው ከሚባል ሥዕል ከሚያጠና ወጣት ጋር ተዋወቀ፤ ለእሱ ሞዴል ሆኖ ተቀመጠለት፣ አብሮት ሙዚየም ለሙዚየም ዞረ። ተርነርን፣ ኮንስታብልንና ጌንዝቦሮን ያገኛቸው ያኔ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ሥዕል ሲናገር ከአፉ የማይጠፉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ሦስቱም እንግሊዛውያን፣ ሦስቱም የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎች።

በ1959 ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ገባ። የክፍሉ ስም ዝርዝር ዛሬ ሲነበብ ያስደነግጣል፦ ዴቪድ ሆክኒ፣ አር ቢ ኪታይ፣ ዴሪክ ቦሺየር፣ አለን ጆንስ፣ ትንሽ ቆይቶ ፓትሪክ ኮልፊልድ። በ1960 የኮሌጁ ሠራተኛ የነበረችውን ፓዲ ኪችንን አገባ። ተማሪና ሠራተኛ መጋባታቸው ኮሌጁን አላስደሰተም፤ ቦውሊንግ ለአንድ ተርም ስሌድ ወደተባለው ሌላ የለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተዛወረ። በ1962 ሲመረቁ የወርቅ ሜዳሊያው ለሆክኒ፣ የብሩ ለቦውሊንግ ሆነ። ወርቁ ለእሱ ታስቦ ነበር፣ በጋብቻው ምክንያት ቀረ የሚል ወሬ አብሮት ኖሯል። እውነት ሆነም አልሆነ ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይጠቅምም። በ1962 ከእንግሊዝ ወጣት ሠዓሊዎች ከፊተኞቹ ሁለት አንዱ እንደነበር ሜዳሊያው ራሱ ይመሰክራል።

ያልተጠራበት ኤግዚቢሽን

በ1964 ምሥራቅ ለንደን ያለው የዋይትቻፕል ጋለሪ «ኒው ጄኔሬሽን» የሚል ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ሆክኒ፣ ቦሺየር፣ ኮልፊልድ፣ ጆንስ ነበሩበት፤ ብሪጅት ራይሊና ጆን ሆይላንድም ነበሩበት። ቦውሊንግ አልነበረም። ለምን ብሎ ሲጠይቅ፣ እንግሊዝ ባለ ተሰጥኦ ጥቁር ሠዓሊ ለመቀበል ገና አልተዘጋጀችም የሚል መልስ እንደተሰጠው እሱ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

የዚያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር ለማየት «መስታወት» የተባለው ሥዕል ይበቃል። ከ1964 እስከ 1966 ደክሞበታል፤ ዛሬ የቴት ንብረት ነው። ከሦስት ሜትር በላይ ቁመት ያለው ሸራ ነው። መሃሉን ሰንጥቆ የሚወርደው ጠመዝማዛ ደረጃ ሮያል ኮሌጅ ውስጥ የነበረው ደረጃ ነው። ከላይ አንድ ሰው ደረጃው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቦውሊንግ ነው። መሃል ላይ ፓዲ ኪችን ቆማለች። ከታች ሌላ ሰው አለ፤ እሱም ቦውሊንግ ነው። ወለሉን ስታዩት ዓይን የሚያጭበረብር የጂኦሜትሪ ንድፍ ነው፣ በዚያ ዘመን ፋሽን የነበረው ዓይነት፤ ወንበሩ በማስታወቂያ የሚታይ ዘመናዊ ወንበር ነው፤ ሰዎቹ ደግሞ ግማሹ ጠርቶ፣ ግማሹ ቀልጦ እንደ ሠዓሊው ፍራንሲስ ቤከን ሥዕሎች ተስለዋል። አንድ ሸራ ላይ አራት አምስት ዓይነት አሣሣል አለ። ብዙ ሐያሲ ይህን እንደ መወላወል አይቶታል። እኔ ደግሞ ፈተና ይመስለኛል፦ ለንደን ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ መሥራት እንደሚችል አንድ በአንድ እያሳየ ነው፣ ከዚያ በዚያው ደረጃ ሊወጣ።

ወጣም። በ1966 ሦስት ነገር ተደራረበ። ጉያና በሜይ 26 ነፃነቷን አወጀች። በዚያው ዓመት ዳካር ውስጥ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ጥቁር ሕዝቦች የጥበብ ፌስቲቫል ቦውሊንግ የዘመናዊ ሥነ ጥበብን ትልቁን ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ክብር ነው፤ ለንደን ላይ ግን የተነበበው በሌላ መንገድ ነበር፦ እንግዲህ ይህ ሰው የካሪቢያን ሠዓሊ ነው፣ ቦታውም እዚያ ነው። ሆክኒን ማንም በትውልድ አውራጃው ጠርቶ የዮርክሽር ሠዓሊ ነህ ብሎ ከዓለም አላወጣውም። ሦስተኛው፣ ቦውሊንግ ሻንጣውን ይዞ ኒው ዮርክ ገባ።

ካርታው

መጀመሪያ ያረፈው ቼልሲ ሆቴል ነው። በ1967 ጉገንሃይም ፌሎውሺፕ የተባለውን የገንዘብ ድጋፍ አገኘ፤ በ1973 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ። ብሮድዌይ ላይ ሰፊ ስቱዲዮ ያዘ። ለንደን ውስጥ የሌለ ነገር ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ሸራ የሚያዘረጋ፣ ኪራዩ የሚቻል የፋብሪካ ፎቅ። ቦታው ሲሰፋ ሥዕሉ ሰፋ። በ1971 የተሠራው «ቴክሳስ ሉዊዝ» ወርዱ ከስድስት ሜትር ያልፋል።

«የካርታ ሥዕሎች» ተብለው የሚታወቁት የዚህ ዘመን ናቸው። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ ሸራው ሳይወጠር ወለል ላይ ይዘረጋል። በውኃ የቀጠነ አክሪሊክ ቀለም ይፈስበታል፣ ይረጭበታል፣ ጨርቁ እንዲጠጣው ይተዋል። የአህጉሮቹ ቅርጽ በፕሮጀክተር በርቶ ዳር ዳሩ ይወሰዳል፤ ከዚያ በተቆረጠው ቅርጽ ላይ ቀለሙ ይነፋል። አንዳንዱ ካርታ ጠርዙ እንደ ምላጭ የጠራ ነው፤ ሌላው ከቀለሙ ጭጋግ ውስጥ አለ የለም ያሰኛል። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በብዙዎቹ ላይ ደብዛዛ ናቸው፤ ጎልተው የሚወጡት ደቡብ አሜሪካና አፍሪካ ናቸው። ከሥር ደግሞ በሲልክ ስክሪን የታተመ ፎቶ አለ፣ ቀለሙ በግማሽ የዋጠው፦ የእናቱ ሱቅ። በ1966 በሠራው «ከቨር ገርል» ላይ ያ ቤት ከአንዲት የፋሽን ሞዴል በላይ ቆሞ ነበር፣ ለማንም በሚታይ ቦታ። በካርታዎቹ ላይ ግን ፈልጎ ነው የሚገኘው። «ሚድል ፓሴጅ» በተባለው የ1970 ሥዕል፣ ዛሬ ሂውስተን በሚኒል ስብስብ ውስጥ ባለው፣ የቤተሰቡ ምስልና የአህጉሮቹ ዳር በእሳት መሰል ቢጫና ቀይ ውስጥ ገብተው ይታያሉ። ርዕሱ ባሪያ ጫኝ መርከቦች አፍሪካውያንን ያሻገሩበት የአትላንቲክ መንገድ ስም ነው፤ ሸራው ላይ ግን መርከብም ሰንሰለትም የለም።

በ1968 የሠራውን «ሁ ኢዝ አፍሬድ ኦፍ ባርኒ ኒውማን» የተባለ ሥዕል ያየ ኢትዮጵያዊ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ሸራው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎን ለጎን ቆመዋል። የእኛ ባንዲራ አይደለም። በዋናነት ነፃነቷን ከሁለት ዓመት በፊት ያገኘችው የጉያና ቀለሞች ናቸው፤ በካሪቢያን ምድር ግን እነዚህ ሦስት ቀለሞች ራስታፈሪያኑ ከኢትዮጵያ ወስደው የለበሷቸው መሆናቸውን የማያውቅ ሰው የለም። ርዕሱ የኒው ዮርኩን የረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም የሰውም የዕቃም መልክ የማያሳይ ሥዕል፣ ሊቅ ባርኔት ኒውማንን ይጎንጣል። ኒውማን ሸራውን ከላይ እስከ ታች በቀጥታ መስመር ይከፍላል፤ ቦውሊንግ ያንኑ መስመር ተውሶ መሃሉ ላይ ደቡብ አሜሪካን አስቀመጠበት።

ዊትኒ በ1971 ያሳየው እነዚህን ግዙፍ ካርታዎች ነው። ሙዚየሙ ጥቁር ሠዓሊዎችን በሩን ዘግቶባቸዋል የሚል ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ ጥቁር አሜሪካውያንን ተራ በተራ ለብቻቸው ማሳየት ጀምሮ ነበር፤ የቦውሊንግም ኤግዚቢሽን የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ይህን መናገር የሥራውን ክብር አይቀንስም። በር የሚከፈተው አንዳንዴ ውጭ ቆሞ የሚያንኳኳ ስላለ ነው።

መምህሩና ጸሐፊው

ከሥዕሉ ጎን ሁለት ሥራ ይዞ ነው የኖረው። አንዱ መምህርነት ነው። ገና ለንደን ሳለ በካምበርዌል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። አሜሪካ ሲደርስ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎ በሩትገርስ ሥር ባለው ዳግላስ ኮሌጅ በረዳት ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ቦስተን የማሳቹሴትስ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ። ኋላ ለንደን ሲመለስ ደግሞ ባያም ሾው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት። አንድም ቦታ ረጅም ወንበር ይዞ ፕሮፌሰር ሆኖ አልተቀመጠም፤ ዓመት ሁለት ዓመት፣ ወይም በሳምንት የተወሰነ ቀን። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ጡረታ የለውም፣ ስምም አይሠራም። ግን ለሠዓሊ የሚመች አንድ ነገር አለው፦ የቀረውን ቀን ለስቱዲዮ ይተዋል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች የሚቆሙት በእንዲህ ዓይነት በሳምንት ጥቂት ቀን በሚመጡ ሠዓሊዎች ነበር፤ የሚሠራ ሰው ያስተምር የሚል እምነት ነበራቸው። ያ ሥርዓት ባይኖር ቦውሊንግ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የሠራቸው ሥዕሎች መሥራታቸውን እጠራጠራለሁ፤ ገበያው አይገዛቸውም ነበርና።

ሌላው ጽሑፍ ነው። ከ1969 እስከ 1972 «አርትስ ማጋዚን» የተባለው የኒው ዮርክ መጽሔት ተባባሪ አዘጋጅ ነበር። ጊዜው ጥቁር አሜሪካውያን አርቲስቶች እርስ በርስ የሚከራከሩበት ነበር። ትግሉን የማያሳይ ሥዕል ምን ይረባል የሚሉ ነበሩ፤ በሌላው በኩል ጃክ ዊተን፣ አል ላቪንግ፣ ዊሊያም ቲ ዊሊያምስን የመሰሉ በረቂቅ ሥዕል የሚሠሩ ነበሩ። ነጭ ሐያስያን ደግሞ ሁለቱንም ወገን «ጥቁር ጥበብ» በሚል አንድ ከረጢት ከተው ያልፏቸዋል። የቦውሊንግ ክርክር ቀላል ይመስላል፣ ግን ሁለቱንም ወገን የሚያስቀይም ነበር፦ ጥቁር መሆን ብቻውን ሥዕልን ጥሩ አያደርግም፤ ረቂቅ መሆንም ጥቁርነትን ከሥዕሉ አያወጣም፤ ስለዚህ ሸራውን እዩት። በ1969 ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «አምስት ሲደመር አንድ» የሚል ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። አምስቱ አሜሪካውያን ናቸው፤ አንዱ ከጉያና በለንደን በኩል የመጣው እሱ ራሱ። ለራሱ የሰጠው ቦታ በዚያች «አንድ» ውስጥ አለ፤ ከእነሱ ጋር ነው፣ ከእነሱ ግን አይደለም።

የአሜሪካ ረቂቅ ሥዕል ዋና ሐያሲ የነበረው ክሌመንት ግሪንበርግ ስቱዲዮው ድረስ እየመጣ ሥራውን ያይለት፣ ደብዳቤም ይጻጻፉ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ወዳጅነት በጥርጣሬ ያየዋል፤ ግሪንበርግ ከሥዕል ውጭ ያለውን ታሪክ ሁሉ ሸራው ላይ አታምጡ የሚል ሰው ነበርና። ቦውሊንግ ግን ያገኘው ተቃራኒውን ይመስላል። ዘመናዊ ሥዕል የአውሮፓና የአሜሪካ ነጮች ርስት አይደለም፣ የእኔም ነው ብሎ ለማመን ያበቃው ያ ንግግር እንደሆነ ይናገራል።

ቀለም ከላይ ሲፈስ

ካርታዎቹ በ1971 አካባቢ ጠፉ። በ1973 ስቱዲዮው ውስጥ አንድ ነገር ሠራ፦ እንደፈለገው ከፍና ዝቅ፣ ቀጥና ዘንበል የሚል የእንጨት ሰሌዳ። ሸራውን ሰሌዳው ላይ ይቸነክራል፣ ያዘነብለዋል፣ አክሪሊኩን እስከ ሁለት ሜትር ከፍታ ካለው ቦታ ያፈስበታል። ቀለሙ ተንደርድሮ ይወርዳል፣ እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ከታች ሲደርስ ተጠማዞ ይከመራል። የሰሌዳው ማዘንበል፣ የቀለሙ ውፍረት፣ የሚፈስበት ፍጥነት፤ ሠዓሊው የሚቆጣጠረው እነዚህን ብቻ ነው። የቀረው የመሬት ስበት ሥራ ነው። ከእነዚህ ሥዕሎች አንዱ በ1975 «ካይቶርቱ» ተባለ፤ ካይቶር ጉያና ውስጥ በአንድ ዝላይ ከ220 ሜትር በላይ የሚወርደው ፏፏቴ ነው። ካርታው ጠፍቷል፣ አገሩ ግን በስሙ በኩል ተመልሶ ገብቷል።

እኔን ከጠየቃችሁ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጡት እነዚህ የፈሰሱት ናቸው። ካርታዎቹ ታሪክ ስላላቸው ለሙዚየም መግለጫ ይመቻሉ፤ አንድ አንቀጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የፈሰሱት ግን ስለ ምንም የሚናገሩ አይመስሉም፤ ስለዚህ እስከ 2012 ድረስ፣ ቴት ብሪቴን ለእነሱ ብቻ አንድ ክፍል እስኪሰጥ፣ ብዙ ሰው አላያቸውም።

ተመልሶ ለንደን

በ1975 ወደ ለንደን ተመለሰ። ልጆቹ እዚያ ነበሩ። ኒው ዮርክንም አልተወም፤ ኋላ ብሩክሊን ውስጥ ከኢስት ሪቨር ዳር ስቱዲዮ ይዞ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለስ ኖሯል። ግን ዋናው ሕይወቱ ከዚያ ወዲህ ለንደን ነው፤ ከ1984 ጀምሮ ደቡብ ለንደን ኤለፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ግቢ ውስጥ ይሠራል።

የሥራ ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ይህ መመለስ መጥፎ ውሳኔ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ የነበረውን መጽሔት፣ ጋለሪና ጓደኛ ትቶ በመጣበት ከተማ ዘጠኝ ዓመት ያላዩት ሰዎች ናቸው የጠበቁት። ረቂቅ ሥዕል ከፋሽን ወጥቷል። የሰማንያዎቹ ወጣት ጥቁር ብሪታንያውያን አርቲስቶች ደግሞ ስለ ዘረኝነት፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ማንነት በግልጽ የሚናገር ሥራ ይዘው ተነሡ፤ እሱ ለእነሱ የቀደመ ትውልድ ሰው ነው፣ ያውም ስለ ቀለም ብቻ የሚያወራ። ለነጮቹ «ካሪቢያን» ሆኖ፣ ለካሪቢያኖቹ «ኒው ዮርክ» ሆኖ ቀረ። ቢሆንም በ1989 አርቲስቱ ራሺድ አራይን በለንደኑ ሄይዋርድ ጋለሪ ባዘጋጀው፣ ከቅኝ ግዛቶች የመጡትን የብሪታንያ ዘመናዊ ሠዓሊዎች ታሪክ ባሳየው ኤግዚቢሽን ውስጥ ቦታ ነበረው።

ሥራው በዚህ ጊዜ ወፈረ። አክሪሊክ ጄል እየከመረ፣ የስፖንጅ ቁራጭ እየለጠፈ፣ ሸራውን እንደ ወንዝ ዳር ጭቃ አደረገው። ቀረብ ብሎ ላየ ውስጡ ብዙ ነገር ተቀብሯል፦ የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ የዛጎል ቅርፊት፣ ክዳን፣ የጌጥ ስብርባሪ። ራቅ ሲሉ ሁሉም ጠፍቶ ብርሃን ብቻ ይቀራል። በ1988 እና 1989 የሠራቸው «ግሬት ቴምስ» የተባሉት ሥዕሎች ተርነርና ኮንስታብል ካዩት ወንዝ ጋር ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። በ1989 ከልጁ ከሳሻ ጋር ወደ ጉያና ሄደ። እዚያ ወንዙ ላይ የሚተኛውን ጭጋጋማ ብርሃን ሲያይ፣ በየሸራው ሲፈልገው የኖረው እሱን እንደነበር ገባኝ ብሏል። ብዙ ስደተኛ እንዲህ ይላል፤ ብዙውን አላምንም። የእሱን ያመንኩት ሥዕሎቹ ከቃሉ ቀድመው ስለተሠሩ ነው።

ቴት የመጀመሪያውን ሥራውን የገዛው በ1987 ነው፤ «ስፕሬድአውት ሮን ኪታይ» ይባላል፣ በቀድሞ የክፍል ጓደኛው ስም። ከዚያ ወዲህ ያለው በፍጥነት ይነገራል። በ2003 ቬኒስ ቢናሌ በተባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ታየ። በሜይ 26 ቀን 2005፣ በጉያና የነፃነት ቀን፣ የለንደኑ የሠዓሊዎች ማኅበር የሮያል አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1768 የተመሠረተው አካዳሚ ከዚያ በፊት አንድም ጥቁር ሠዓሊ አልመረጠም ነበር። በ2017 ናይጄሪያ ተወላጁ ኦኩዊ ኤንዌዞር የሚመራው የሙኒኩ የሥነ ጥበብ ማሳያ ሃውስ ደር ኩንስት የካርታዎቹንና የትልልቆቹን ሸራዎች ኤግዚቢሽን አዘጋጀ፤ ያ ኤግዚቢሽን ወደ ደብሊንና ሻርጃም ሄዷል። ኤንዌዞር በማርች 2019 አረፈ፤ የቴት ብሪቴን ኤግዚቢሽን የተከፈተው በዚያው ዓመት በሜይ መጨረሻ ነው። በ2020 ቦውሊንግ «ሰር» ተባለ። በ2022 ኮሎኝ ውስጥ የቮልፍጋንግ ሃን ሽልማትን ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ቦስተን፣ በአንድ ወቅት በመምህርነት በሠራባት ከተማ፣ የጥበብ ሙዚየሙ የአሜሪካ ዘመኑን ሥራዎች አሳየ።

ከእነዚህ ስሞች ውስጥ ለእኔ ክብደት ያለው የኤንዌዞር ነው። ለንደን ሲያመነታ፣ ኒው ዮርክ የሰባዎቹን ሲረሳ፣ ሁለቱንም ዳር በአንድ ዓይን ያየው ሦስተኛ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ነበር። የቦውሊንግ ሥራ ለእንግሊዝ ታሪክ ብቻ ወይም ለአሜሪካ ታሪክ ብቻ ሲለካ ሁልጊዜ ግማሹ ይቀራል። በአትላንቲክ ሲለካ ግን ሙሉ ነው።

አሁን ተቀምጦ ነው የሚሠራው። እሱ ከወንበሩ ሆኖ ቀለሙን ይመርጣል፣ የት እንደሚፈስ ያዛል፤ ባለቤቱ ሬቸል ስኮት፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ያፈሳሉ፣ ሸራውን ይቆርጣሉ፣ ቁራጩን በሌላ ሸራ ላይ ይለጥፋሉ።

ሆይላንድን አጠገቡ ብናስቀምጥ

የዘገየው በዘሩ ነው ወይስ በአሣሣሉ? ጥያቄው ሁልጊዜ ይነሣል፣ መልሱም ብዙ ጊዜ በስሜት ነው የሚሰጠው። የሚያነጻጽሩት ሰው ቢኖር ይሻላል፣ አለም፦ ጆን ሆይላንድ። ሼፊልድ ውስጥ በ1934 ተወለደ፣ ከቦውሊንግ ጋር በአንድ ዓመት። እሱም በግዙፍ ሸራ ላይ አክሪሊክ የሚያፈስ ረቂቅ ሠዓሊ ነው። እሱም ኒው ዮርክ ሄዷል፣ ግሪንበርግን ያውቃል። ሁለቱ ወዳጆች ነበሩ።

ሆይላንድ በ1964ቱ የዋይትቻፕል ኤግዚቢሽን ነበረበት። በ1967 ዋይትቻፕል ለብቻው አሳየው። ሰርፐንታይን ጋለሪ በ1979 ሥራዎቹን ሰብስቦ አሳየለት፤ ለቦውሊንግ በ1986። ሮያል አካዳሚ ሆይላንድን በ1991 መረጠ፤ ቦውሊንግን በ2005። ረቂቅ ሥዕል ከፋሽን መውጣቱ ሁለቱንም እኩል ነው የመታው፤ እነዚህን ሰባትና አሥራ አራት ዓመታት ስለዚህ በፋሽን ማስረዳት አይቻልም። ከፊሉን ቦውሊንግ ከለንደን ርቆ በቆየባቸው ዘጠኝ ዓመታት ማስረዳት ይቻላል። የ1964ቱን ግን በዚያም ማስረዳት አይቻልም፤ ያን ጊዜ ገና የትም አልሄደም።

ንጽጽሩ ግን በአንድ በኩል ብቻ አያዳላም። ሆይላንድ በ2011 ሲሞት ቴት ብሪቴን የዕድሜ ልክ ሥራውን ሰብስቦ አላሳየለትም ነበር። ቦውሊንግ ያንን በሕይወቱ አይቷል።